ባክቴሪያ ግድግዳ ካለው ለምን ተክል አይሆንም?

የደረሰኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው፤ ዋና ዋናውን ላስቀምጥ።

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ። ጠላ እየጠመቅኩና እንጀራ ለምግብ ቤት እያቀረብኩ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ዘንድሮ በማታው ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ሌላው ትምህርት እንደምንም ይሄዳል። ባዮሎጂ ግን የሴል ዓይነቶች ላይ ስንደርስ ጨለመብኝ። ሠንጠረዡን ሌሊቱን ሙሉ ሸመደድኩት፤ ፈተናው ላይ ሁሉም ተደበላለቀብኝና ከ20 6 አገኘሁ። ‹የተክል ሴል ሁሉ ክሎሮፕላስት አለው›፣ ‹ተክል ክሎሮፕላስት ስላለው ማይቶኮንድሪያ አያስፈልገውም› ብዬም ጽፌ ነበር። እንግሊዝኛውም ያሳፍረኛል። ‹ባክቴሪያ የሴል ግድግዳ ስላለው የተክል ሴል ነው› ብዬ የጻፍኩትን መምህሩ ለክፍሉ አነበበው። ሁሉም ሳቀ። አሥረኛ ክፍል ያለችው ልጄም ‹እማ፣ ተይው በቃ› አለችኝ። ልተወው ወይስ የሚገባበት መንገድ አለ? ደግሞ አይሳቁብኝና፣ እርሾ ውስጥ ያለው ነገር ተክል ነው እንስሳ? ጠላው ውስጥ ያሉትስ ጠላው ሲያልቅ ይሞታሉ?»

እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ልበልሽ። መልሱን ላስቀድም፦ አትተዪው። ከ20 6 ያገኘ ሰው ሁሉ ትምህርቱን ቢያቋርጥ ኖሮ እኔም መምህር አልሆንም ነበር።

አሁን ወደ ተሳቀበት መልስሽ። ትክክል አይደለም። የሞኝ መልስ ግን አይደለም። ባክቴሪያ የሴል ግድግዳ እንዳለው አውቀሻል፤ ተክልም እንዳለው አውቀሻል፤ ሁለቱን አገናኝተሽ አንድ ቦታ ደረስሽ። የደረስሽበት ቦታ ነው የተሳሳተው እንጂ አካሄድሽ የሚያስብ ሰው አካሄድ ነው። ከሳቁት ግማሾቹ «እሺ፣ ለምን አይደለም?» ቢባሉ ዝም የሚሉ ናቸው፤ በዚህ እወራረዳለሁ። ስለዚህ ከዚያው ከስህተትሽ እንጀምር።

ግድግዳ አለው ሲባል ወዲያው «ከምን የተሠራ?» በዪ። ሰፈርሽ ውስጥ የጭቃ ቤት አለ፣ የብሎኬት ቤት አለ፣ በቆርቆሮ የተከለለ አለ። ሁሉም ግድግዳ አላቸው፤ ማንም ግን አንድ ናቸው አይልም። የተክል ሴል ግድግዳ ዋናው ነገሩ ሴሉሎስ ነው፤ ጥጥ ማለት ሴሉሎስ ነው፣ ወረቀትም እንዲሁ። የባክቴሪያው ግድግዳ ፔፕቲዶግላይካን ከሚባል ነገር ነው፤ የስኳር ሰንሰለቶች በአጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች እየተያያዙ እንደ ዓሣ መረብ የተጠላለፉበት። የፈንገስ ግድግዳ ውስጥ ደግሞ ካይቲን አለ፤ የአንበጣን ቅርፊት የሚያጠነክረው እሱ ነው። አየሽ፣ ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም ባለግድግዳ ናቸው። በር ከፍተሽ ስትገቢ ግን ሌላ ነው።

የባክቴሪያው ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነው። የዘር መረጃውን የያዘው ዲኤንኤ በክፍል አልተከለለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቀለበት ሆኖ እዚያው መሀል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ኃይል የሚያወጣው ክፍል፣ ማይቶኮንድሪያ፣ የለም፤ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራው ክፍል፣ ክሎሮፕላስት፣ የለም። ያለው የሴል ሽፋን፣ ውስጡን የሚሞላው ዝልግልግ ፈሳሽ (ሳይቶፕላዝም)፣ ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦዞሞች፣ ዲኤንኤው፣ ከዚያ ግድግዳው ነው፤ አንዳንዱ ለመዋኛ ጅራት የመሰለ ነገር ይጨምራል። የተክሉ ሴል ግን ባለብዙ ክፍል ቪላ ነው። ዲኤንኤው በራሱ ክፍል ውስጥ ተከልሎ አለ። ያ ክፍል አስኳል ይባላል፤ መጽሐፍሽ ኑክሊየስ የሚለው።

እግረ መንገዴን ስለ ስሞቹ አንድ ነገር። ፕሮካርዮት እና ዩካርዮት የሚሉት ቃላት እንደሚያስጨንቁሽ ገብቶኛል፤ እንግሊዝኛም አይደሉም እኮ፣ ግሪክ ናቸው። «ካርዮን» ማለት የለውዝ ዓይነት ፍሬ፣ አስኳል ማለት ነው። «ፕሮ» በፊት፣ «ዩ» እውነተኛ። ስለዚህ ፕሮካርዮት ከአስኳል በፊት የነበረ፣ ዩካርዮት እውነተኛ አስኳል ያለው። ባክቴሪያ ፕሮካርዮት ነው። ተክል፣ እንስሳ፣ ፈንገስ፣ አሜባ ሁሉም ዩካርዮት ናቸው። (አርኬያ የሚባሉ ሌሎች አስኳል አልባዎችም አሉ፤ ከባክቴሪያ የተለዩ መሆናቸው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ለዘጠነኛ ክፍል ስማቸውን ብታውቂ ይበቃል።)

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ሃያ ምናምን ዓመት ሳስተምር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አልነበረኝም። አንድ ነበረ፤ ሌንሱ ተሰብሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት። እኔ ምን አደርጋለሁ? ሰሌዳ ላይ ክብ እሠራና መሀሉ ላይ ነጥብ፣ «የእንስሳ ሴል»። ቀጥዬ አራት ማዕዘን እሠራና ነጥብ፣ «የተክል ሴል»። ከጎኑ ሠንጠረዥ፣ አለው፣ የለውም፣ አለው፣ የለውም። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ የነርቭ ሴልም ክብ ነው?» አለኝ። የነርቭ ሴል ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚዘረጋ፣ 1 ሜትር ገደማ የሚረዝም ክር ያለው ነገር ነው። እኔ ምን አልኩት መሰለሽ? «ለፈተና ክብ ነው።» እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል። አንቺም የሸመደድሽው ሠንጠረዥ የዚያ የእኔ ሠንጠረዥ ዘመድ ነው። አለውና የለውም ብቻ ተይዞ አይቆይም፤ ምክንያቱ የለበትማ።

ስለዚህ ሠንጠረዡን ለጊዜው ዝጊውና የሴሉን ኑሮ ጠይቂ። ምን ይበላል? የት ነው የሚኖረው? ይንቀሳቀሳል ወይስ አንድ ቦታ ቆሞ ይቀራል? የገበሬ ግቢ ጎተራ አለው፤ ጣና ዳር ዓሣ የሚያሰግር ሰው ቤት ደግሞ መረብ ተሰቅሎ ታገኛለሽ። ማን ምን እንዳለው አትሸመድጂም፤ ኑሮውን ካወቅሽ ዕቃውን ትገምቺዋለሽ። ሴልም እንደዚያው ነው።

ከራስሽ ቤት እንጀምር፤ ከእርሾው።

ሊጡ ላይ የሚንሳፈፈው ቢጫ ውሃ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉሽ። አንደኛው መጽሐፍሽ የስት የሚለው ፈንገስ ነው። ሁለተኛው ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እርጎን የሚያረጉት ዘመዶቻቸው ናቸው። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሱ፣ ተክልም አይደለም፣ እንስሳም አይደለም። በአንድ ማንኪያ እርሾ ውስጥ ዩካርዮትም ፕሮካርዮትም አብረው ይኖራሉ። ኮምጣጣነቱ በአብዛኛው የባክቴሪያዎቹ ሥራ ነው። የእንጀራው ዓይን የሚወጣው በማቡካቱ ጊዜ ከተሠራው ጋዝ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጠላሽ ውስጥ ያለው አልኮል ደግሞ የፈንገሱ ነው፤ ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጥለታል፣ እሱ ስኳሩን ይበላና አልኮልና ጋዝ ያወጣል። አንቺ ባዮሎጂ አይገባኝም ትያለሽ፤ ጋንሽ ውስጥ ግን ስንት ቢሊዮን ሠራተኛ ታስተዳድሪያለሽ።

እና የሁለቱን ኑሮ ጠይቂ። የባክቴሪያው ኑሮ ቶሎ መብላት፣ ቶሎ መከፈል ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለው ሁሉ ነገር ከተመቸው በ20 ደቂቃ አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። እንዲህ ለሚቸኩል ብዙ ክፍል ያለው ቤት ሸክም ነው። ደግሞም ትንሽ ስለሆነ አያስፈልገውም፤ በሽፋኑ የገባ ስኳር ወዲያው የትም ይደርሳል። ትልቅ ሴል ግን ይህ አይሆንለትም። ነገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ቢኖር ይጠፋፋበታል፤ ስለዚህ ክፍል ያስፈልገዋል። ኃይል የሚወጣበት ማይቶኮንድሪያ ለብቻው፣ መረጃው አስኳል ውስጥ ለብቻው፣ ፕሮቲን የሚታሸግበትና የሚላክበት ለብቻው።

መጠኑን እንዲህ ያዢው፤ ከዚህ የተሻለ ዘዴ እስካሁን አላገኘሁም። ሁሉንም ነገር አንድ ሺህ ጊዜ አሳድጊው። ባክቴሪያው 1 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ነበር፤ አሁን አንዲት የጤፍ ፍሬ ሆነ። የእርሾው ፈንገስ 5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ እሱ ምስር ያክላል። ቀይ የደም ሴልሽ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር፤ ሽምብራ በዪው። ከጉንጭሽ ውስጥ በስንጥር የሚፋቀው ሴል 50 ገደማ ነው፤ ሎሚ። የሽንኩርት ሴል ደግሞ ርዝመቱ ሩብ ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል፤ አንድ ስንዝር። አሁን ጤፏን ከስንዝሩ ጎን አስቀምጪና «ባክቴሪያ የተክል ሴል ነው» የሚለውን መልስሽን እንደገና እዪው። አንቺም ትስቂያለሽ።

ቀጥሎ ሽንኩርት። ነገ ወጥ ስትሠሪ ቀይ ሽንኩርቱን ሰንጥቂና ከአንዱ ድርብርብ በውስጥ በኩል ያለችውን ስስ፣ እንደ ላስቲክ ብርሃን የምታሳልፍ ሽፋን በጥፍርሽ አንሺ። እሷ አንድ ሴል ብቻ ናት ውፍረቷ። ማይክሮስኮፕ ሲገኝ ሁሉም ትምህርት ቤት የሚያሳየው እሷን ነው፤ አዮዲን ጠብ ይደረግባታል፣ አስኳሎቹ ቡናማ ሆነው ይወጣሉ። እና እዚህ ላይ የፈተናሽ ሁለተኛው ስህተት መጣ። «የተክል ሴል ሁሉ ክሎሮፕላስት አለው» ብለሻል። ሽንኩርቱን እዪዋ፤ አረንጓዴ ነው? አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚያድግ ነገር ፀሐይ የት ያገኛል? ፀሐይ የማያገኝ ሴል የፀሐይ ምድጃ ምን ያደርግለታል? ክሎሮፕላስት ያለው ቅጠሉ ላይ ነው፤ ለጋ ግንድ ላይም ይኖራል። ሥሩ ላይ፣ የሽንኩርቱ ራስ ላይ የለም። እንግዲህ ኑሮውን ጠይቂ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ስህተትሽ ደግሞ የአንቺ ብቻ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች ሲሉት ሰምቻለሁ። «ተክል ክሎሮፕላስት ስላለው ማይቶኮንድሪያ አያስፈልገውም።» ያስፈልገዋል! ክሎሮፕላስት ምግብ አብሳይ ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል። ማይቶኮንድሪያ ደግሞ ያን ስኳር አፍርሶ ሴሉ የሚሠራበትን ኃይል የሚያወጣ ነው። እንጀራ ጋጋሪ ስለሆንሽ እንጀራ መብላት አቆምሽ? ሌሊትስ? ፀሐይ ስትጠልቅ ተክሉ እስኪነጋ ሞቶ አያድርም፤ ሥሩም በጨለማ ውስጥ ሆኖ መኖር አለበት። ስለዚህ ማይቶኮንድሪያ ተክሉም ጋ አለ፣ እንስሳውም ጋ አለ፣ ፈንገሱም ጋ አለ። ይህችን ብቻ አስተካክለሽ ብትገቢ ሁለት ሦስት ጥያቄ ታገኚ ነበር።

የተክል ሴል መሀሉ ላይ ትልቅ የውሃ ከረጢት አለው፤ ቫኪዩል ይባላል። አንዳንዴ አብዛኛውን ቦታ እሱ ይይዘዋል፤ አስኳሉም ወደ ዳር ይገፋል። ጥቅሙ ምንድን ነው? ገበያ ላይ ሰላጣና ጎመን የሚሸጡት ሴቶች ውሃ ሲረጩ አይተሻል። የጠወለገው ቅጠል ውሃ ሲያገኝ ከረጢቱ ይሞላል፣ ግድግዳውን ከውስጥ ይገፋል፣ ቅጠሉም ቀጥ ይላል። ግድግዳው ባይኖር ሴሉ ይፈነዳ ነበር። ይህን የሚያሳየው ቀይ የደም ሴል ነው፤ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ብትከቺው ውሃው እየገባ ያብጥና ይፈነዳል፤ ግድግዳ የለውማ። በግልባጩ ቲማቲም ሰላጣ ላይ ጨው ነስንሰሽ ትንሽ ብትቆዪ ሳህኑ ውሃ ያቆራል፤ ጨው ውሃውን ከሴሎቹ ውስጥ ጎትቶ ያወጣዋል።

እንስሳስ ለምን ግድግዳ አልሠራም? ስለሚንቀሳቀስ። የጡንቻ ሴል መኮማተርና መላላት አለበት፤ በሴሉሎስ ግድግዳ የታጠረ ጡንቻ ብታስቢው ጠረጴዛ ነው የሚሆነው። ሰውነትሽ ውስጥ ጀርም እያሳደደ የሚውጠው ነጭ የደም ሴልም ቅርፁን እየለዋወጠ ነው የሚሄደው። አሜባም እንደዚያ ናት፤ ምግቧን ከብባ ትውጣለች። ግድግዳ ያለው ነገር መዋጥ አይችልም። ቀይ የደም ሴል ደግሞ የሚገርም ነው፤ ሰው ውስጥ ሲበስል አስኳሉን አውጥቶ ይጥለዋል፣ ማይቶኮንድሪያም አይቀርለትም፤ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን እስኪጢም ይሞላል። ኑሮው ተሸካሚነት ነው፤ ዕቃ አራግፎ ለጭነቱ ቦታ አገኘ። ግን ልብ በዪ፣ አስኳል ስለሌለው ፕሮካርዮት አይባልም። ነበረው፣ ጣለው።

ብዙ ሰው ሴልን በእንቁላል ይመስለዋል፤ እኔም ሰሌዳ ላይ የሣልኩት እንቁላል ነበር ማለት ይቻላል። ተጠንቀቂ። በአማርኛ የእንቁላሉም አስኳል፣ የሴሉም አስኳል አንድ ቃል ሆኑብን እንጂ አንድ አይደሉም። ቢጫው ሙሉው ራሱ አንድ ግዙፍ ሴል ነው፤ የሴሉ አስኳል የሚገኘው ቢጫው ላይ ባለችው ትንሽ ነጭ ነጥብ ውስጥ ነው። ፈተና ላይ ባይመጣም ልጅሽን ጠይቂያት። አታውቀውም።

አሁን ከቤት ወጥተሽ ወደ ሐይቁ ሂጂ። ቅዳሜ ቀን ልጆቹን ይዘሽ ጣና ዳር ስትቀመጪ ሁለት ነገር እንድታዪልኝ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ታንኳውን። የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል ስለሆነ ግንዱ ውስጥ በሴሎቹ መካከል ብዙ የአየር ቦታ አለ፤ ሥሩ ጭቃ ውስጥ ሆኖ አየር የሚያገኘው በዚያ ነው። ደንገሉ ተቆርጦ ሲደርቅ አስኳሉም፣ ክሎሮፕላስቱም፣ ቫኪዩሉም ያልቃሉ። የሚቀረው ግድግዳውና አየሩ ነው። ያ ሰውዬ እንጨት ጭኖ የሚቀዝፈው በባዶ የሴል ግድግዳ ላይ ተቀምጦ ነው። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ማይክሮስኮፕ ሥር ያየው ይህንኑ ነበር፤ የቡሽ ቁራጭ፣ የሞተ፣ ግድግዳው ብቻ የቀረ። ትናንሽ ክፍሎች ስለመሰሉት ሴል አላቸው። ቃሉ ለመነኩሴ ክፍልም ያገለግላል፤ እኛ በዓት የምንለው። ከባሕር ዳር ሆነሽ የገዳማቱን ደሴቶች እያየሽ ይህን ቃል የምትረሺው አይመስለኝም። እንቦጩንም አንዱን ያበጠ ግንዱን ጨምቂው፤ እንደ ስፖንጅ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ያስቸገረው አረም የሚንሳፈፈው በዚሁ አየር ነው።

ሁለተኛ፣ ዳር ላይ ውሃው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስልበት ጊዜ አለ። ሰው ሁሉ «አልጌ» ይለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ሳያኖባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ዓይነት ጣና ላይ ታይቷል፤ መርዝ ሊያወጣም ስለሚችል እንዲህ ሲሆን ልጆቹ ከዚያ ውሃ አይጠጡ፣ አይጫወቱበትም። ታዲያ ይህ ባክቴሪያ በፀሐይ ምግቡን ያበስላል። ክሎሮፕላስት ሳይኖረው! አረንጓዴውን ነገር ክሎሮፊልን ይዟል፣ የሚሠራበት ሽፋንም አለው፤ ክፍሉ ብቻ ነው የሌለው። ምክንያቱ ደግሞ ያስቃል፤ እሱ ራሱ ነው ክፍሉ። ጥንት አንድ ባለአስኳል ሴል የእሱን ዘመድ ዋጠ፣ ሳይፈጨው ቀረ፣ አብረው መኖር ጀመሩ፤ ዛሬ ክሎሮፕላስት የምንለው የዚያ ዝርያ ነው። ማይቶኮንድሪያም በተመሳሳይ መንገድ ከሌላ ባክቴሪያ መጣ። ሊን ማርጉሊስ የምትባል ሳይንቲስት ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1967 በጽሑፍ ስታወጣ ብዙ መጽሔቶች አልቀበልም ብለዋት ነበር። አሁን መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ማስረጃውም፣ ሁለቱም የራሳቸው ዲኤንኤ አላቸው፣ ራይቦዞማቸውም የባክቴሪያ ዓይነት ነው። በእንግድነት ገብቶ ቤተሰብ ሆኖ የቀረ ሰው የድሮ ዘዬው እንደማይጠፋ በዪው።

ስለ ራይቦዞም ካነሳን፣ መጽሐፍሽ ላይ የባክቴሪያው 70ኤስ፣ የእኛ 80ኤስ ይላል፤ ኤስ የራይቦዞሙን መጠን የሚጠቁም መለኪያ ነው። ደረቅ ቁጥር ይመስላል። ግን ለትራኮማ የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት የሚሠራው በዚህ ልዩነት ነው፤ የባክቴሪያውን ራይቦዞም ያስቆማል፣ የዓይንሽን ሴል ግን ብዙም አይነካም። አሞክሲሲሊን ደግሞ ያን የመረብ ግድግዳ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ አንቺ ያ ግድግዳ የለሽም፣ ስለዚህ አንቺ ጋ የሚያፈርሰው የለም። አሜባና ጃርዲያም የላቸውም፤ ዩካርዮት ናቸው። ለዚህ ነው ሆድ ሲታመም ጎረቤት የሰጠችሽን የተረፈ አሞክሲሲሊን መዋጥ ከንቱ የሚሆነው፤ ሐኪሙ ሰገራ መርምሮ ሌላ መድኃኒት ያዛል። ቫይረስማ ጭራሽ ሴል አይደለም፤ የሚፈርስ ግድግዳ የለው፣ የሚቆም ራይቦዞም የለው።

ወደ ፈተናው ልመለስ። ጥያቄ ሲመጣ «ሠንጠረዡ ምን ይል ነበር?» አትበዪ። መጀመሪያ አስኳል አለው ወይ በዪ፤ ከሌለው እና አልጣለውም ከሆነ፣ ፕሮካርዮት ነው፣ አለቀ። ካለው ግድግዳውን ጠይቂ፤ ከሌለው በአብዛኛው እንስሳ ወይ እንደ አሜባ ያለ ነው። ካለው ከምን እንደተሠራ፣ ምግቡንስ ራሱ ያበስላል ወይስ ከሌላ ያገኛል? ካይቲን ይዞ ከሌላ የሚያገኝ ፈንገስ፣ ሴሉሎስ ይዞ የሚያበስል ተክል። ሁሉንም አይፈታልሽም፤ አብዛኛውን ግን ይፈታል። ደብተርሽንም ለሁለት ክፈይው። በአንዱ በኩል እንግሊዝኛውን ቃል በግዕዝ ፊደልም ቢሆን እንደሚነበበው ጻፊ፣ በሌላው በኩል ከቤትሽ የሚመስለውን ዕቃ። ቃሉ ካልተያዘሽ ዕቃው ይጎትተዋል።

እንግሊዝኛው ያሳፍረኛል ላልሽው ደግሞ፣ ባክቴሪያን መጀመሪያ ያየው አንቶኒ ቫን ሊዩዌንሁክ የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፣ የዘመኑን የምሁራን ቋንቋ ላቲንን አያውቅም ነበር። ሌንሱን ራሱ እየሞረደ፣ ያየውን ሁሉ በሀገሩ ቋንቋ እየጻፈ ወደ ለንደን ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1674 ሰፈሩ አጠገብ ካለ ሐይቅ አረንጓዴውን ውሃ ቀድቶ ወደ ቤቱ ወሰደና ውስጡ ሲርመሰመስ አየ። ከሐይቅ ውሃ እኮ ነው። አንቺም ሐይቅ አለሽ።

መምህሩን በተመለከተ፣ አትኩረፊ። ከክፍል ውጭ ለብቻው አግኝተሽ «መልሴን ለምን እንደሳትኩ አሁን ገብቶኛል፤ ግድግዳቸው ከተለያየ ነገር ነው» በዪው። በማታ ፈረቃ ደክሞት የሚያስተምር ሰው እንዲህ የሚለው ተማሪ ብርቅ ነው። ማይክሮስኮፕ ካላቸውም የሽንኩርቷን ሽፋን ይዘሽ ሄደሽ አሳየኝ ብለሽ ጠይቂ፤ የሚሠራ ከሆነ አይነፍግሽም። ጉንጭሽን በንጹሕ ስንጥር ፍቀሽ ከጎኗ ማየት ብትችዪ ደግሞ አንድ ምሽት ሙሉውን ምዕራፍ ይጨርስልሻል። ሽንኩርቷ እንደ ብሎኬት ተደርድራ፣ የጉንጭሽ ሴል ግን እንደ ተጣለ ላስቲክ እጥፍጥፍ ብሎ ታዪዋለሽ።

ልጅሽ «ተይው» ያለችሽ ደክመሽ ስላየችሽ ሊሆን ይችላል፤ በክፉ አትውሰጂው። የእንቁላሉን ጥያቄ ግን እንዳትረሺ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ጠላው ሲያልቅ ይሞታሉ ወይ? አልኮሉ ሲበዛ ፈንገሱ እየደከመ ይሄዳል፤ በራሱ ፍሳሽ ውስጥ ነው የሚዋኘው። የጠላ አልኮል ግን አብዛኞቹን ለመግደል አይበቃም። ስኳሩ ሲያልቅባቸው ወደ ታች ይዘቅጡና ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ። አተላው ውስጥ በሕይወት አሉ፤ ለከብቶቹ ስትደፊ የምትደፊው እነሱን ነው።